ወንበር፣ ወለል፣ ጠረጴዛ ወይስ አሸዋ? የተገልጋይን ውስጣዊ ዓለም በቦታ ለመመርመር ዘዴ አመራረጥ

ሰው ስለ ውስጡ ሲናገር ሳያስበው ቦታ ይጠቅሳል። «ከራሴ ርቄአለሁ»፣ «ላዬ ላይ ተጭኖኛል»፣ «መሀል ላይ ቆሜ ቀረሁ» ይላል። በቦታ የሚሠሩ የሥነ ልቦና ሕክምና ዘዴዎች መነሻቸው ይኸው ነው። ተገልጋዩ የተናገረውን ርቀት፣ ከፍታና አቅጣጫ ክፍሉ ውስጥ በሚታይ ነገር እንዲያስቀምጠው ይጋብዙታል። አንዴ ካስቀመጠው ሊዞረው፣ ከሌላ ወገን ሊያየው፣ ሊያንቀሳቅሰው ይችላል።

ዘዴዎቹ ብዙ ናቸው፤ በሥልጠና ላይም ብዙውን ጊዜ እያንዳንዱ በራሱ ዘርፍ ተነጥሎ ይሰጣል። ለመምረጥ ግን አንድ ጥያቄ ከሁሉ ይቀድማል ብለን እናምናለን፦ የተገልጋዩ አካል ቦታው ውስጥ ነው ወይስ ከቦታው በላይ? ወንበር ሲቀይር ወይም ወለል ላይ ሲቆም ሰውየው ስሜቱ ውስጥ ይገባል። ጠረጴዛ ወይም የአሸዋ ሳጥን ላይ ሲሠራ ደግሞ ያንኑ ስሜት ከእጁ በታች ያየዋል። የመጀመሪያው ስሜትን ያግላል፣ ሁለተኛው ያበርዳል። ስሜቱን በቃላት እየሸፈነ ለሚያመልጥ ተገልጋይ ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ስሜቱ በቶሎ ለሚያጥለቀልቀው ደግሞ ርቀት። ብዙ ክፍለ ጊዜ የሚበላሸው ዘዴው መጥፎ ሆኖ ሳይሆን ባለሙያው የሚወደውን ዘዴ ለሁሉም ስለሚያቀርብ ነው።

ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ከሁሉም ዘዴ በፊት

የትኛውንም ቢመርጡ ሦስት ነገሮችን አስቀድመው ይስማሙ። አንደኛው የማቆሚያ ምልክት ነው፤ እጅ ማንሳት ይበቃል፣ ቃል ማውጣት የሚያቅትበት ጊዜ አለና። ሁለተኛው መነሻ ቦታ ነው፤ ተገልጋዩ ሲገባ የተቀመጠበት ወንበር ለሥራው አይውልም፣ ሚናም አይሰጠውም፣ ሁልጊዜ የሚመለስበት ነው። ሦስተኛው ሰዓት ነው። በ50 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ውስጥ የቦታው ሥራ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይውሰድ፤ የመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች ለመመለስ ይጠበቁ። ሰዓት ሲያልቅ የተከፈተ ነገር ይዞ መንገድ ላይ የሚወጣ ሰው ለቀናት ሊታወክ ይችላል።

ሳይኮሲስ (ከእውነታ የሚያለያይ የአእምሮ ሕመም) ውስጥ ባለ፣ ስካር ላይ ባለ፣ ወይም ራሱን ለመጉዳት በተቃረበ ሰው ላይ ከእነዚህ አንዱንም አይጀምሩ። ከራሱና ካለበት ክፍል በቀላሉ ለሚለይ ሰው፣ ማለትም ዓይኑ ፈዞ ድምፁ ለሚጠፋ፣ የጠረጴዛው ሥራ ብቻ፣ ያውም በአጭሩ፣ ሊታሰብ ይችላል።

ወንበር

ባዶ ወንበር ከጃኮብ ሞሬኖ ሳይኮድራማ፣ ማለትም ችግርን በትወና ከሚሠራ ሕክምና፣ የመጣ ሲሆን በ1960ዎቹ ፍሪትዝ ፐርልስ በጌስታልት ሕክምና፣ ማለትም አሁን በሚሰማ ነገር ላይ በሚያተኩረው፣ አስፋፋው። ለጀማሪ ግልጹ አሠራር ሌስሊ ግሪንበርግና ባልደረቦቹ በስሜት ተኮር ሕክምና ያደራጁት ነው፤ የሚመሳሰሉ ሁለት ሥራዎችን ይለያልና። ተገልጋዩ ከራሱ ጋር ሲጣላ፣ ለምሳሌ አንዱ ወገኑ «አትረባም» እያለ ሌላውን ሲወቅስ፣ ሁለቱም ወንበሮች የእሱ ናቸው። ከሌላ ሰው ጋር ያላለቀ ነገር ሲኖረው፣ ለምሳሌ ከሞተ ወይም ከራቀ ወላጅ ጋር፣ ሁለተኛው ወንበር የዚያ ሰው ነው። ሁለቱን መቀላቀል የተለመደ ስህተት ነው። «አባቴ ሁልጊዜ ሰነፍ ይለኛል» የሚል ሰው አባቱን እያስቀመጠ ይሁን በውስጡ የቀረውን የአባቱን ድምፅ፣ ከመጀመራችሁ በፊት ይለይ። በመጀመሪያው የሚፈለገው ለአባቱ ያልተነገረው እንዲነገር ነው፤ በሁለተኛው ግን ወቃሹ ወገን እንዲለዝብ።

ከመነሻው ወንበር ሌላ ቁመታቸው እኩል የሆነ፣ ጎማ የሌላቸው ሁለት ወንበሮች ያስፈልጋሉ። አንዱ ከፍ ካለ ከፍ ያለው ሥልጣን ያገኛል፣ ያም ከተገልጋዩ ሳይሆን ከዕቃው የመጣ ይሆናል። ርቀቱን ተገልጋዩ ይወስን፤ አብዛኛው ሰው ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር መካከል ያቆማቸዋል። የሰዎችን ርቀት አጠባበቅ ያጠናው ኤድዋርድ ሆል በ1966 አሜሪካውያንን ተመልክቶ ባቀረበው ክፍፍል እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ያለው የቅርብ ዘመድና የፍቅር ርቀት ነው፣ እስከ 1.2 ሜትር የግል፣ ከዚያ በላይ እስከ 3.6 ሜትር ማኅበራዊ። ቁጥሩ ለሁሉም ሕዝብ እኩል አይሠራም። የሚጠቅመው ተገልጋዩ ወንበሩን ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው ሲያሻግር አተነፋፈሱ መለወጡን ለማየት ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ግጭቱን በአንድ አረፍተ ነገር ያስብሉት። ወንበሩን አስቀምጦ እዚያ ማን ወይም ምን እንዳለ፣ እንዴት እንደተቀመጠ፣ ፊቱ ምን እንደሚመስል ይንገራችሁ፤ ይህን ካለፋችሁት ቀጥሎ የሚመጣው ንግግር ባዶ ይሆናል። ከዚያ «ስለ እሱ» ሳይሆን «ለእሱ» ይናገር። በእውኑ አንቱ የሚለውን ሰው በአንቱታ፣ አንቺ የሚላትን በአንቺ ይጥራ፤ በሌላ አጠራር የተነገረ ነገር ስሜቱን አያገኘውም። ስሜቱ ሲሞላ፣ ወይም መልስ የሚሻ ጥያቄ ሲጠይቅ፣ «እዚህ ይቀመጡና ይመልሱ» ብለው ያዛውሩት። መዛወሩ በአካል ይሁን። «እሱ ምን የሚል ይመስልሃል?» ብሎ ባለበት ማስመለስ ዘዴውን ወደ ተራ ወሬ ይመልሰዋል።

ባለሙያው የሚቀመጥበት ቦታ ብዙ ያበላሻል። ፊት ለፊት ከተቀመጡ ተገልጋዩ ንግግሩን ወደ እርስዎ ያዞራል፣ ባዶውን ወንበር ይረሳል። ከሚናገረው ሰው ጎን፣ ትንሽ ወደ ኋላ ብለው ይቀመጡ፤ እሱ ሲዛወር አብረው ይዛወሩ። ወደ እርስዎ ሲዞር በእጅዎ ቀስ ብለው ወንበሩን ያመልክቱ።

ሌላው ችግር ወቃሹ ድምፅ ማቆሚያ ማጣቱ ነው። «ዋጋ የለህም፣ ዋጋ የለህም» እያለ ከደጋገመ ተወቃሹ ይደነዝዛል። በዚህ ጊዜ ወቃሹን ዝርዝር ይጠይቁ፦ «በትክክል ምን አደረገ? ትናንት መቼ እንዲህ አሉት?» ከዚያ ወደ ሌላኛው ወንበር አዛውረው «ይህን ሲሰሙ አካልዎ ላይ ምን ሆነ?» ይበሉ። ወቃሹ ሊለዝብ የሚጀምረው የሌላውን ሕመም ሲያይ ነው፤ በክርክር ተሸንፎ አይደለም።

ጥቃት ያደረሰ ሰው ሲሆን ጥንቃቄው ይለያል። ወንበሩ እስከ ክፍሉ ጥግ ይራቅ፣ ፊቱ ይዙር፣ ካስፈለገም ከበሩ ውጭ ይሁን። ተገልጋዩን በአጥቂው ወንበር አታስቀምጡት። አጥቂውን ሆኖ መናገር ለአንዳንዱ ያንኑ ጥቃት በራሱ አፍ መድገም ነው።

ወንበር ለዚህ ሰው ትክክል ነው፦ ችግሩን በደንብ የሚተነትን፣ ለዓመታት የሚያውቀው፣ ነገር ግን ምንም ያልተለወጠለት። ለዓይናፋርና ለመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አይሆንም፤ ለባዶ ወንበር መናገር የሚያሳፍር ነገር ነው፣ እፍረቱን የሚሸከመውም ከባለሙያው ጋር ያለው መተማመን ነው።

የአሸዋ ሳጥን

ማርጋሬት ሎወንፌልድ ለንደን ውስጥ በ1920ዎቹ መጨረሻ ከሕፃናት ጋር ስትሠራ አሸዋ፣ ውሃና ትናንሽ ቅርጾች አቀረበችላቸው፤ የሠሩትንም ራሳቸው ሕፃናቱ «ዓለም» አሉት። ስዊዘርላንዳዊቷ ዶራ ካልፍ በ1950ዎቹ ከእሷ ተምራ ዘዴውን ከሥነ ልቦና ሊቁ ካርል ዩንግ አስተሳሰብ ጋር አዋሐደችው። ሁለቱ ዛሬም ሁለት የተለያዩ አሠራሮችን ወልደዋል። በካልፍ መንገድ ባለሙያው ዝም ብሎ ይመለከታል፣ ትርጉምም በዚያው ሰዓት አይነገርም። በሌላው መንገድ ከተሠራ በኋላ ስለ ዓለሙ ይነጋገራሉ። ጥቂት ክፍለ ጊዜ ብቻ ላለው ባለሙያ ሁለተኛው ይሻላል፤ የመጀመሪያው ሥራውን የሚሠራው ተከታታይ ሳጥኖች ሲደራረቡ ነው።

ካልፍ የተጠቀመችበት ሳጥን 57 በ72 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ቁመቱ 7 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አንገት ሳይዞር በአንድ እይታ ይጠቃለላል። ውስጡ ሰማያዊ ይቀባል፣ አሸዋው ሲገፋ ወለሉ ውሃ፣ ጎኑ ሰማይ እንዲመስል። ግማሽ ድረስ ለመሙላት 14 ሊትር ያህል፣ ማለትም 23 ኪሎ ግራም ገደማ ደረቅ አሸዋ ይገባል፤ ስለዚህ ጠረጴዛው ከ30 ኪሎ በላይ ሳይወዛወዝ የሚችል ይሁን። ከ57 በ72 እጅግ የሰፋ ሳጥን ጠርዙን ያጣል፤ የሚይዘው ግን ጠርዙ ነው። አሸዋው ታጥቦ የደረቀ ይሁን፣ አቧራው ሳንባ ይጎዳልና። ቢቻል ሁለት ሳጥን ይኑር፣ አንዱ ደረቅ፣ አንዱ እርጥብ። እርጥቡን ከድነው አያሳድሩት፣ ይሻግታል።

ከ200 እስከ 300 ቅርጾች ይበቃሉ። ከብዛት ስብጥር ይበልጣል፦ የተለያየ የቆዳ ቀለም፣ ዕድሜና አካል ያላቸው ሰዎች፣ የቤትና የዱር እንስሳት፣ ቤቶች፣ ተሽከርካሪዎች፣ ዛፎች፣ ድንጋዮች፣ አጥሮች፣ ድልድዮች፣ የእምነት ምልክቶች፣ የሚያስፈሩ ነገሮች፣ መቃብርና አጽም። ብዙ ባለሙያ ቆንጆ ቆንጆውን ይሰበስብና ክፉውን ይረሳል። አስፈሪ ቅርጽ በሌለበት መደርደሪያ ፊት ተገልጋዩ ፍርሃቱን የሚያስቀምጥበት ነገር ያጣል። ቅርጾቹ በዓይነታቸው፣ በክፍት መደርደሪያ፣ ሁልጊዜ በዚያው ቦታ ይቀመጡ። በከረጢት ውስጥ ተደባልቀው ከሆነ ፍለጋው ራሱ ያደክማል።

ግብዣው አጭር ነው፦ «የሚስብዎትን ያንሱና እዚህ ዓለም ይሥሩ።» ሥራው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። በዚህ ጊዜ አይጠይቁ፣ ሳጥኑን አይንኩ፣ የወደቀ ቅርጽ እንኳ አያንሱ። ሲጨርስ ከእሱ ወገን ሆነው ይመልከቱና ካዩት ብቻ ይነሱ። «ይህ ፈረስ አጥሩን ይመለከታል፤ ከዚያ ወዲያ ምን አለ?» ጥሩ ጥያቄ ነው። «ይህ ባለቤትዎ ናት?» መጥፎ ነው፤ ተገልጋዩ ሊለው ያልደረሰበትን ከእጁ ይነጥቀዋል። «ለምን?» የሚለውም ወደ ማስረዳት ስለሚወስደው ይቅር። እባብ ፈውስ ነው ወይስ ሞት የሚለውን ሳጥኑን የሠራው ሰው እንጂ የምልክት መዝገብ አያውቀውም።

ሲያበቃ በተገልጋዩ ፈቃድ ከእሱ ወንበርና ከላይ ፎቶ ይነሳ። ሳጥኑን ግን እሱ ከወጣ በኋላ ብቻ ያፍርሱ። ይህም ማለት በሁለት ተገልጋዮች መካከል ቢያንስ 15 ደቂቃ መኖር አለበት፤ ሰዓቱ የተጣበበ ተቋም ውስጥ ይህ ብቻውን ዘዴውን ሊያስተወው ይችላል።

አሸዋ ቃል ለሚያጥረው፣ ለሕፃናት፣ የደረሰበትን መናገር ለማይችል ሰው ከሁሉም ይበልጣል። ጎልማሶች «የልጅ ጨዋታ ነው» ብለው የሚያፈገፍጉበት ጊዜ አለ። አይግፏቸው፤ እጃቸውን አሸዋው ላይ አሳርፈው እንዲያወሩ ብቻ ይጋብዟቸው፣ ብዙዎቹ በዚያው ይገባሉ። እርጥብ አሸዋ ውስጥ እጁን ቀብሮ እንደ ሕፃን የሚሆን፣ ሰዓቱንም ክፍሉንም የሚረሳ ተገልጋይ ካለ ግን ወደ ደረቁ፣ ከዚያም ወደ ጠረጴዛው ያሻግሩት።

ጠረጴዛ

የአሸዋ ሳጥን ሁሉ ቦታ አይኖርም፤ ጠረጴዛ ግን አለ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ሃምቡርግ ላይ ኩርት ሉድቪግና ባልደረቦቹ ለቤተሰብ ሥራ የሠሩት ሰሌዳና የእንጨት ምስሎች የዚህ ዘዴ የታወቀ ምሳሌ ነው። 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ወረቀትና ከ12 እስከ 20 የሚሆኑ ድንጋዮች፣ ቁልፎች ወይም የእንጨት ቁራጮች ይበቃሉ። መጠናቸውና ቀለማቸው ይለያይ፤ ፊት የሚመስል ምልክት ይኑራቸው፣ ወዴት እንደሚያዩ እንዲታወቅ። ድንጋይ ብቻ ካለ የፊቱን ወገን በእርሳስ ነጥብ ያድርጉ።

ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ማን ወዴት ያያል? በማንና በማን መካከል ምን አለ? አንዱን በአንድ ጣት ያህል ቢያንቀሳቅሱት የትኛው ነው፣ ከዚያስ ሌሎቹ ምን ይሆናሉ? የመጨረሻው ጥያቄ የዘዴው ልብ ነው። ተገልጋዩ ሁሉንም በአንዴ ወደሚመኘው ሥዕል ካዞረ «ያ ቢሆን ጥሩ ነበር» ብሎ ይሄዳል፤ አንዱን ብቻ በጥቂቱ ሲያንቀሳቅስ ግን ሊያደርገው የሚችለው ነገር ይታየዋል።

ድክመቱም ከጥንካሬው ይመነጫል። ከላይ ሆኖ የሚያይ ሰው ስለ ቤተሰቡ እንደ ዘጋቢ ሊተርክ ይችላል። ይህን ሲያዩ ጣቱን በራሱ ቁራጭ ላይ አሳርፎ ከዚያ ሆኖ እንዲናገር ይጠይቁት፤ በቂ ካልሆነ ወንበር የሚያስፈልግበት ጊዜ ደርሷል ማለት ነው።

ወለል

ኒውዚላንዳዊው ዴቪድ ግሮቭ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያዘጋጀው ዘዴ የሚፈልገው ወረቀት፣ እስክሪብቶና 3 በ3 ሜትር ያህል ባዶ ወለል ነው። ተገልጋዩ የሚሠራበትን ጉዳይ ወረቀት ላይ ጽፎ ወይም ሥሎ የሚስማማው ቦታ ያኖረዋል፣ ራሱም ከእሱ አንጻር የሚስማማው ቦታ ይቆማል። «ከዚህ ቦታ ምን ያውቃሉ?» ተብሎ ይጠየቃል። ከዚያ «ሌላ ቦታ ይፈልጉ»። ቦታውን በወረቀት ምልክት ያደርጋል። እስከ ስድስት ቦታ ይደረስና ወደ መጀመሪያው ተመልሶ አሁን የሚያውቀውን ይናገራል። ባለሙያው ቃል አይጨምርም፣ አያሳጥርም፣ አያደንቅም።

ውሳኔ ላይ ለተንጠለጠለ ሰው ይህን ከሁሉም እናስቀድማለን። ብዙውን ጊዜ ሦስተኛውና አራተኛው ቦታ ላይ «ምንም አዲስ ነገር የለም» ይባላል። ጀማሪው ባለሙያ እዚያ ደንግጦ ያቆማል፤ መቀጠል ነው የሚገባው፣ የለመደው መልስ ሲያልቅ ነው ሌላው የሚመጣው። ወረቀቱ ለስላሳ ወለል ላይ ያንሸራትታልና በማጣበቂያ ይያዝ። ቆሞ መሥራት ለማይችል ወይም በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀስ ሰው መንገዶቹ ከ1 ሜትር ይስፉ፣ ካልሆነ ወደ ጠረጴዛው ይሂዱ።

ሰዎችን ማቆም

ቨርጂኒያ ሳቲርና ዴቪድ ካንተር ያስፋፉት የቤተሰብ ቅርጽ አሠራር አንዱ አባል ሌሎቹን እንደሚሰማው አድርጎ በክፍሉ ውስጥ የሚያቆምበት ነው። ንግግር የለም፤ ቅርጹ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ይያዝና እያንዳንዱ የተሰማውን ይናገራል። ከ45 እስከ 60 ደቂቃ ይወስዳል፣ ለመነካካትም የእያንዳንዱ ፈቃድ ይጠየቃል። ቤት ውስጥ ጥቃት ካለ በፍጹም አይደረግ፤ ልጁ ያሳየው ነገር ማታ ቤት ሊያስቀጣው ይችላል።

ከጀርመናዊው በርት ሄሊንገር ስም ጋር የሚያያዘው ድርደራ ከዚህ ይለያል። እዚያ የቤተሰቡ አባላት በእንግዶች ይወከላሉ፣ መሪውም ብዙ ጊዜ «እውነቱ ይህ ነው» የሚል ፍርድ ይሰጣል። ይህ በባለሙያዎች ዘንድ ብዙ የተተቸ ነው፣ ትችቱም ተገቢ ነው እንላለን። በቦታ የተቀመጠ ሥዕል የተገልጋዩ የዛሬ እይታ ነው፤ ስላልተገኘው አያቱ ኃጢአት ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ሁለት ዘዴ እኩል ሲመስሉ

ቀዝቃዛውን ይምረጡ። ከጠረጴዛ ወደ ወለል፣ ከወለል ወደ ወንበር መውጣት ቀላል ነው። በወንበር ላይ የፈላን ሰው ወደ ጠረጴዛ ማውረድ ግን ጊዜ ይወስዳል። ማውረድ ካስፈለገ በቅደም ተከተል ይሁን፦ ከወንበሩ ያስነሱት፣ ወደ መነሻው ቦታ ያምጡት፣ እግሩ ወለሉን ሲነካ እንዲሰማው ይጠይቁ፣ ክፍሉ ውስጥ የሚያያቸውን አምስት ነገሮች ጮክ ብሎ ይጥራ። ከዚያ ብቻ የሆነውን በሁለት ድንጋይ ጠረጴዛው ላይ ያሳያችሁ።

በኢንተርኔት ለሚሠራ ሰው የሚቀረው በተግባር ጠረጴዛው ነው። ካሜራው ወደ ታች ይዘንበል፣ ተገልጋዩ ከክፍሉ ከሦስት እስከ አምስት ዕቃ ይምረጥ። ወንበርን በርቀት የምንመክረው በአካል ለወራት ከሠሩበት ሰው ጋር፣ በቅርብ የሚጠራ ሰው መኖሩ ከታወቀና ስልኩ ቢቋረጥ ምን እንደሚደረግ ስምምነት ካለ ብቻ ነው። ሲያልቅም ዕቃዎቹን አንድ በአንድ እየጠራ ይመልሳቸው፦ «ይህ እናቴ አይደለም፣ የቡና ስኒዬ ነው» ብሎ መደርደሪያው ላይ ያኑረው። ያ ሳይደረግ ቀርቶ ስኒውን ነገ ጠዋት ሲያነሳ የትናንቱ ሥራ ሳያስበው ሊቀሰቀስበት ይችላል።